እግርሽ መርገጫው ላይ ሲደርስ

«የሱቅ ክር እዚህ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም ብያለሁ፤ አይገባም።»

«ጋሽ ይርዳው፣ ለዛሬ ብቻ። አንድ አውቶቡስ ሙሉ ተማሪ ሽመና ሊሞክር መጥቶ እንዴት ባዶ እጁን ይመለስ?»

«አስር አውቶቡስ ይምጣ። ባዶ እጅ ለመንገድ ይቀላል።»

እንግዲህ ተረቱ ከጭቅጭቁ መሐል ይጀምር፤ መነሻውን የሚያውቁት ሁለቱ ተጨቃጫቂዎች ብቻ ናቸውና። አንዱ አስጎብኚው ነው፤ ምላሱ ፈጣን፣ እግሩ ከምላሱ የፈጠነ ወጣት። ሌላው ሸማኔው ጋሽ ይርዳው ናቸው። እስከ ወገባቸው ጉድጓዳቸው ውስጥ ገብተው፣ ድሩ ፊት ለፊታቸው እንደተወጠረ፣ ባዶ መወርወሪያቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ይሟገታሉ። ከበሩ መቃን አጠገብ፣ ከተማሪው ሁሉ ኋላ፣ ትሁት ቆማለች። ትሁት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ስም ሲጠራ «አቤት» የምትለው በእጇ ነው። መወርወሪያው ባዶ መሆኑን ከማንም በፊት ያየችው ግን እሷ ነበረች።

ቦታው ከከተማው ዳር፣ በአጋም አጥር የተከበበ፣ «የትናንት መንደር» የሚሉት ነው። ሙዚየም ነው፤ ግን በመስተዋት የተከደነ ነገር የለበትም። ሸማኔው እየሸመነ፣ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ እያቦካች፣ ቀጥቃጩ ብረት እያጋለ ይውሉበታል፤ ተማሪም መጥቶ በጆሮው ሳይሆን በእጁ ይማርበታል። መንደሩ አንድ ሕግ አለው፤ እዚያው ያልተሠራ ነገር እዚያ ሥራ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የበሩ ጠባቂ ስልኩን፣ ሰዓቱን፣ የፕላስቲክ ውሃውን ሁሉ በሰፌድ ሰበሰበ። የቲቸር ሶስናን መነጽር እንኳ አገላብጦ አገላብጦ ካየ በኋላ ነው የመለሰላቸው። የክፍሉ ቀልደኛ ናሆም፣ ሹራባችንም የፋብሪካ ነውና እናውልቀው ወይ ብሎ ሲጠይቀው ጠባቂው ትንሽ አሰበበት።

ትሁት የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ያቺን መወርወሪያ መወርወር። አንዴ ብቻ፣ ከቀኝ እጇ ወደ ግራ እጇ።

ይህን ጉድጓድ ታውቀዋለች። አባቷ ዋለልኝ የከሰዓቱ ሸማኔ ሆኖ እዚሁ ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ይዟት ይመጣና የጉድጓዱ አፍ ላይ ያስቀምጣታል፤ እሷም እግሯን ወደ ውስጥ ታንጠለጥላለች። ከታች፣ ሸማኔ በአውራ ጣቱ እየረገጠ ድሩን የሚከፍትበት መርገጫ አለ። የእሷ እግር አየር ይረግጣል። «አባዬ፣ እኔም ልወርውር» ስትለው፣ «እግርሽ መርገጫው ላይ ሲደርስ» ይላታል። በየቅዳሜው ትለካለች፤ በየቅዳሜው አይደርስም። ከዚያ አንድ ክረምት ሳል ያዘውና ጠናበት። እግሯ ሳይደርስ እሱ ሄደ።

ፊቱን እንኳ አሁን አሁን የምታየው በፎቶው በኩል ነው። የቀራት ድምፁ ነው፤ የአፉ ሳይሆን የሥራው፤ መወርወሪያው ሲያልፍ ሽው፣ ማጉ ሲመታ ጣቅ። ሌላ የቀራት ነገር ቢኖር የመጨረሻው ሸማ ሲቆረጥ የተረፈች፣ ሁለት ጣት የምትሰፋ ቁራጭ ናት። እሷን ሹራቧ እጅጌ ሥር፣ የእጇ አንጓ ላይ አስራታለች። ይህን ለቲቸርም ለጓደኛም አልተናገረችም። ትሁት አፏን እስክትከፍት ሌላው ተናግሮ ይጨርሳል።

አስጎብኚው በመጨረሻ ተሸነፈ። የሱቅ ክር ካልሆነ የመንደሩ ክር ይምጣ አለ። ጋሽ ይርዳውም ይምጣ አሉ፤ እኔ መች ማግ ጠላሁ፣ ድሩን የሚሻገር ማግ ከሌለ ድር ብቻውን የሸረሪት ቤት ነው አሉ። ስለዚህ ተማሪው ሁሉ እየተጋፋ ወደ ፈታይዋ ጎጆ ተንጋጋ። መወርወሪያው ያለ ማግ አልሮጥም አለ፤ ትሁትም ዝም አለች።

ፈታይዋ በራፋቸው ላይ ቁርበት አንጥፈው ተቀምጠዋል። አስጎብኚው ገና ከሩቅ ማግ ማግ እያለ ሲመጣ ባዶ እንዝርታቸውን ከፍ አድርገው አሳዩት። ጥጥ ሞልቷል፤ ግን ጥጥ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ካልሆነ ምኑ ይፈተላል? ደጋኑም ያውና ግድግዳው ላይ፤ ጠፍሩ ጠዋት ተበጥሶ እንደ ጅራፍ ጉንጫቸውን ገርፏቸዋል። ጉንጫቸውን ለተማሪዎቹ አዞሩላቸው፤ እውነትም ቀይ ሰንበር አለ። ደጋኑ ያለ ጠፍር አልነድፍም አለ፣ እንዝርቱ ያለ ባዘቶ አልሾርም አለ፣ መወርወሪያው ያለ ማግ አልሮጥም አለ፤ ትሁትም ዝም አለች።

ጠፍር ያለው ቆዳ አልፊው ዘንድ ነው። ወደ እሱ ሲሄዱ ሽታው ከሰውየው ቀድሞ ሰላም አላቸው። ግማሹ ተማሪ አፍንጫውን ይዞ ከመንገድ ተመለሰ፤ ናሆም ግን እኔ ከወንድሜ ካልሲ ጋር ነው የማድረው ብሎ ቀጠለ። ቆዳ አልፊው ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነው። የተዘረጋውን ቆዳ አሳያቸው፤ አንድ ጠፍር አይደለም፣ የመንደሩን በሬ ሁሉ የሚያስር ጠፍር ይወጣዋል። ችግሩ ቢላዋው ነው። ከእነሱ በፊት የመጡ ተማሪዎች በእጅ መማር ተብለው ቢላዋ ቢሰጣቸው፣ ቆዳውን ትተው ድንጋዩን ሲሞክሩበት ዋሉ። አሁን ቢላዋው ቅቤም አይቆርጥ። ቢላዋው ያለ ስለት አልቆርጥም አለ፣ ደጋኑ ያለ ጠፍር አልነድፍም አለ፣ እንዝርቱ ያለ ባዘቶ አልሾርም አለ፣ መወርወሪያው ያለ ማግ አልሮጥም አለ፤ ትሁትም ዝም አለች። ቢላዋውን ለቀጥቃጩ ማን ይውሰድ ሲባል ግን፣ ማንም ሳያያት፣ እጇን የዘረጋችው እሷ ናት።

ቀጥቃጩ ቤት ወናፍ አለ። ወናፍ ያለበት ቦታ ደግሞ ተማሪ ሌላ ነገር አያስታውስም። አየር የሚተፉትን ሁለት አቅማዳዎች ባዩ ጊዜ ማጉንም፣ ጠፍሩንም፣ ሽመናውንም ረስተው ተራ ያዙ፤ ናሆም ከሁሉ ፊት። ቲቸር ሶስና ራሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከተራው ገቡ። አስጎብኚውም አንድ ሌላ እንግዳ መጣ ተብሎ ተጠራና በሮጠበት ቀረ። ትሁት ቢላዋውን ይዛ ከፍሙ ፊት ብቻዋን ቆመች።

ቀጥቃጩ ቢላዋውን ከእጇ ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ማጋሉንስ ያግሉት፤ የጋለ ብረት ግን ውሃ ካልጠጣ ስለት አይዝም። የውሃው ማሰሮ ተሰንጥቋል። አንዱ ተማሪ ጭሱ ሲወጣ እንይ ብሎ የጋለ ብረት ጨመረበትና ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቀው። ሌላ ማሰሮ ካላመጣሽልኝ ብረቱን በምራቄ አላጠጣውም አሉ። ውሃው ያለ ማሰሮ አልቀመጥም አለ፣ ስለቱ ያለ ውሃ አልወጣም አለ፣ ቢላዋው ያለ ስለት አልቆርጥም አለ፣ ደጋኑ ያለ ጠፍር አልነድፍም አለ፣ እንዝርቱ ያለ ባዘቶ አልሾርም አለ፣ መወርወሪያው ያለ ማግ አልሮጥም አለ፤ ትሁትም ዝም አለች። ዝም ብላ ወደ ኋላዋ አየች። የሚናገርላት ሰው አልነበረም። ዝም ብላ ወደ ፊቷ አየች። ሸክላ ሠሪዋ ከጅረቱ አጠገብ ተቀምጠዋል።

መንገዱ አጭር ነበር፤ ትሁት ግን አስረዘመችው። ምን ብላ እንደምትጀምር ታሰላለች። «ማሰሮ ይስጡኝ» ብትል ለምን ይሏታል። ለቢላዋው ብትል ቢላዋው ለምን ይሏታል። እንዲህ እያለ ነገሩ ወደ ኋላ ሲመዘዝ መጨረሻው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ጉድጓዱን ደግሞ ለማንም አውርታ አታውቅም።

ሸክላ ሠሪዋ እማማ አሰለፈች ይባላሉ። ሁለት እጃቸውን በአዲስ ገንቦ አፍ ላይ ጭነው፣ ጭቃው እንዳይወድቅባቸው እንደ ሕፃን አንገት ደግፈው ይዘውታል። ከኋላቸው የተተኮሱ ማሰሮዎች እንደ ጉልላት ተቆልለዋል።

«ደህና ዋሉ እማማ» አለች ትሁት። አልተሰማም። ጉሮሮዋን ጠርጋ ደገመችው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እጄን አላነሳልሽም እንጂ እስምሽ ነበር። ምን ፈልገሽ ነው የኔ ልጅ?»

ትሁትም ተናገረች። ውሃው ያለ ማሰሮ አልቀመጥም አለ፣ ስለቱ ያለ ውሃ አልወጣም አለ፣ ቢላዋው ያለ ስለት አልቆርጥም አለ፣ ደጋኑ ያለ ጠፍር አልነድፍም አለ፣ እንዝርቱ ያለ ባዘቶ አልሾርም አለ፣ መወርወሪያው ያለ ማግ አልሮጥም አለ፤ አለችና ትንፋሿን ሳበች። በሕይወቷ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ቃል ለማታውቀው ሰው ተናግራ አታውቅም።

እማማ አሰለፈች በጣም ወደዱት። እስቲ ድገሚልኝ አሏት። ደገመችላቸው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጎላ ያለ ነበር።

ማሰሮስ ሞልቷል አሉ እማማ፤ ግን ከዚያ ክምር ማንም አይነካም፣ አንዱን የሳበ ሁሉንም ያወርዳል፤ ራሳቸው ተነስተው፣ በጣታቸው መትተው፣ ድምፁን ሰምተው ነው የሚያወጡት። አሁን ደግሞ መነሳት አይችሉም። የያዙትን ገንቦ ከንፈር ሳያለሰልሱ ከለቀቁት ተንዶ ይቀራል። የሚያለሰልሱት በእርጥብ ጨርቅ ነው፤ ጨርቃቸው አልቆ አልቆ ዛሬ በጃቸው ላይ ክር ሆነ። ትሁት የኪስ መሐረቧን አወጣችላቸው። እማማ በአገጫቸው መለሱት። የፋብሪካ ነው፤ ሕጉ አለ። ሕጉ ባይኖርም ይኼ ውሃ አይዝም፣ ጭቃውን ይቧጥጠዋል። ጭቃ የሚወደው የእጅ ፈትል፣ የእጅ ሸማ ነው።

«ሸማ ደግሞ ከይርዳው ነው የሚመጣው» አሉ እማማ፤ «ይርዳው ደግሞ ማግ የለውም። አየሽ? ዞረሽ ዞረሽ እዚያው።» ሳቁ፤ ገንቦው አብሯቸው ተንቀጠቀጠ።

ጨርቁ ያለ መወርወሪያ አልወለድም አለ፣ ሸክላው ያለ ጨርቅ ከንፈር አላወጣም አለ፣ ውሃው ያለ ማሰሮ አልቀመጥም አለ፣ ስለቱ ያለ ውሃ አልወጣም አለ፣ ቢላዋው ያለ ስለት አልቆርጥም አለ፣ ደጋኑ ያለ ጠፍር አልነድፍም አለ፣ እንዝርቱ ያለ ባዘቶ አልሾርም አለ፣ መወርወሪያው ያለ ማግ አልሮጥም አለ፤ ትሁትም ዝም አለች።

ይኼኛው ዝምታ ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። የግራ እጇ ሳታዝዘው ሄዶ የቀኝ አንጓዋን ያዘ። ከሹራቡ ሥር ያቺ ቁራጭ አለች። ስትተኛ አትፈታትም፤ ስትታጠብ ብቻ ትፈታትና ደረቅ ቦታ ታኖራታለች። ድሮ ስታሸታት አባቷን አባቷን ትል ነበር፤ አሁን የምትሸተው ራሷን ትሁትን ነው። ቢሆንም ሌላ የላትም። ለአንዲት ውርወራ ብላ እሷን ጭቃ ውስጥ ልትነክር ነው? ደግሞስ መወርወሪያውን ሳትነካ ብትሄድ፣ ከዚህ በኋላ መቼ ልትመጣ ነው? ትምህርት ቤቱ ወደዚህ የሚያመጣው ስምንተኛ ክፍልን ብቻ ነው።

እጅጌዋን ሰበሰበች።

እማማ አሰለፈች ቁራጯን ባዩ ጊዜ ሳቃቸው ቆመ። ሕጉን ታውቂያለሽ አይደል፣ የት የተሸመነ ነው ብለው ጠየቁ።

«እዚህ» አለች ትሁት። «እዚያ ጉድጓድ ውስጥ።»

እማማ የቁራጯን ጠርዝ አዩ፤ ከዚያ የልጅቷን ግንባር አዩ፤ ከዚያ እንደገና ጠርዙን። «ይኼ ጠርዝ የዋለልኝ እጅ ነው፤ የዋለልኝ ልጅ ነሽ» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። እጃቸው ከገንቦው ባይነሳም ዓይናቸው ረጠበ።

ከዚያ፣ እየቀነሱም እየጨመሩም፣ የድሮውን ነገር አወሩላት። ዋለልኝና ይርዳው አንድ ጉድጓድ በፈረቃ ይካፈሉ ነበር፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲገባ በር ላይ ሳይጨቃጨቁ አይተላለፉም። የመንደሩን ሕግ ያወጣው ዋለልኝ ነው። የሱቅ ክር ይግባልኝ፣ ዘመን አይለፈኝ እያለ የሚሟገተው ይርዳው ነበር። መንደሩ ሁሉ እየሰማ ይስቃል። ዋለልኝ ከሄደ በኋላ ግን የሚቃወመው ሲያጣ ይርዳው ራሱ ዋለልኝን ሆነ፤ ሕጉን ከባለቤቱ ይልቅ አጠበቀው። ጉድጓዱን ሌላ ሸማኔ ይካፈልህ ሲሉት እንቢ አለ። ተማሪም ሲመጣ ከላይ ሆኖ መወርወሪያውን ያስነካል እንጂ ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ውስጥ አላስገባም።

«አሁን ስሚኝ» አሉ እማማ። «ይኼን ጭቃ ካስነካሁት ነጭ ሆኖ አይመለስልሽም። ባጥበውም ቀይ አፈሩ አይለቀውም። አስበሽበት ስጪኝ።»

ትሁት አሰበችበት። ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው። ውሃው ውስጥ ራሷ ነከረችውና እማማ ጣት ላይ አኖረችው፤ ከዚያ ወደ ጅረቱ ዞረች፤ ማየት አልቻለችም።

እንግዲህ የታሰረ የሚፈታው ከመጨረሻው ቋጠሮ ነው። ጨርቁ ሸክላውን አለሰለሰው፣ ሸክላው ከንፈር አወጣ። እማማ እጃቸውን አነሱና ከክምሩ አንድ ማሰሮ በጣታቸው መትተው፣ ጆሯቸውን አስጠግተው አወጡ። ማሰሮው ውሃውን አስቀመጠ፣ ውሃው የጋለውን ብረት አጠጣ፤ ጭሱ ሲወጣ ተማሪዎቹ ሁሉ «ኡ» አሉ። ስለቱ ወጣ፣ ቢላዋው ቆረጠ፣ ጠፍሩ ደጋኑን ወጠረ። ደጋኑ ድው ድው እያለ ጥጡን ነደፈ፣ ጥጡ እንደ ደመና ተነፋፍቶ ባዘቶ ሆነ። ፈታይዋም ሰንበራቸውን ረስተው እንዝርታቸውን አሾሩ፣ ፈትሉ ማግ ሆነ፣ ማጉም ለአንዲት ቀሰም የሚበቃ ሆኖ ሸምበቆዋ ላይ ተጠመጠመ። ትሁት ከአንዱ ወደ አንዱ ትሮጣለች፤ ለእያንዳንዱም የሚባለውን በአፏ ትናገራለች። አንጓዋ ላይ እማማ የመለሱላትን፣ የጡብ ቀለም የያዘች እርጥብ ቁራጭ አስራለች።

ቀሰሟን ይዛ ሸማኔው ቤት ስትደርስ ከበሩ ውጪ የአውቶቡሱ ጥሩንባ ተሰማ። ቲቸር ሶስና ተማሪውን እየሰበሰቡ ነው።

ጋሽ ይርዳው ቀሰሟን ተቀብለው አዩአት፤ በጣታቸው ሳብ አድርገው ክሩን ፈተኑት። መወርወሪያው ሆድ ውስጥ አስገቧት። ከዚያ ልጅቷ እንዳልሄደች አስተዋሉ።

«ምን ቀረሽ?»

«አንዴ ልወርውር።»

ቀኑን ሙሉ ስለ ማግ፣ ስለ ባዘቶ፣ ስለ ጠፍር ስትናገር ውላ፣ ይህን ያለችው ገና አሁን ነበር።

ጋሽ ይርዳው መወርወሪያውን ዘረጉላት። ያው፣ ከላይ ሆነሽ አንዴ አሻግሪው፣ እኔ ከታች እረግጥልሻለሁ አሏት። ለሌላውም ተማሪ እንዲሁ ነው የሚደረገው።

ትሁት እጇን አልዘረጋችም። «ውስጥ ገብቼ ነው» አለች።

«ውስጥ ሰው አይገባም። አውቶቡስሽ ይሄድብሻል፤ ሂጂ።»

ጥሩንባው ደገመ። የዱሮዋ ትሁት ብትሆን በጥሩንባው አሳብባ ትወጣ ነበር። የዛሬዋ ግን አፏ ተሟሙቋል። መቆም አልቻለችም፤ እማማ አሰለፈች ፊት እንዳለችው፣ ከመጨረሻው ጀምራ አንድ በአንድ አወረደችው። ጨርቁ ከንፈር አወጣ፣ ማሰሮው ውሃ ያዘ፣ ውሃው ስለት አወጣ፣ ስለቱ ጠፍር ቆረጠ፣ ጠፍሩ ደጋን ወጠረ፣ ደጋኑ ባዘቶ ነደፈ፣ ባዘቶው ማግ ሆነ፣ መወርወሪያውም ማግ አገኘ። ከዚያ የማይባል የመሰላትን ጨመረችበት።

«እግሬም ደርሷል።»

ጋሽ ይርዳው ድሩን ሊያቃኑ የዘረጉት እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ምን አልሽ?»

«እግሬ። መርገጫው ላይ ሲደርስ ትወረውሪያለሽ ተብያለሁ።»

«ማን ነው ያለሽ?»

«አባዬ።»

የአባቷን ስም አልጠየቋትም። ቀይ አፈር የጠጣችውን የአንጓዋን ቁራጭ፣ ጠርዟን፣ ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በሁለት እጃቸው የጉድጓዱን አፍ ተደግፈው፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ወጡ። መወርወሪያውን ከድሩ ላይ አኖሩት።

ትሁት ጫማዋን አወለቀች፣ ካልሲዋን አወለቀች፣ ቁልቁል ወረደች። ጉድጓዱ ከምታስታውሰው ጠባብ ነበር፤ አፈሩም ከሰው ገላ የተረፈ ሙቀት ነበረው። እግሯን ወደ ታች ላከችው። ዓይኗን ጨፍና ላከችው፤ እንደ ቅዳሜዎቹ አየር ቢረግጥስ ብላ። እንጨቱ ነካት። በአውራ ጣቷና በሁለተኛው ጣቷ መሐል፣ አባቷ ይይዘው እንደነበረው፣ መርገጫውን ቆንጥጣ ያዘችው። ረገጠች። ድሩ ተከፈተ።

ወረወረች። የመጀመሪያው መንገድ ሳተና መሐል ላይ ቆመ። መለሰችውና እንደገና ወረወረች። ሽው ብሎ አለፈ፤ በግራ እጇ ተቀበለችው። ማጉን የሚያጠጋውን መምቻ ሳበች። ጣቅ።

ጥሩንባው ጮኸ። ትሁት ቀና አለች፤ በይ ውጪ ቢሏት ልትወጣ ነው።

ጋሽ ይርዳው ከግድግዳው ጋቢያቸውን አወረዱ። ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ድሮ ፈረቃ ሲለዋወጡ የሚጨቃጨቁበት በር ነው። ከኋላቸው የሚመጣ ቃል የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። የመጣው ግን ሽው ነበር፤ ቀጥሎም ጣቅ። ዞር ሳይሉ፣ በአጋሙ አጥር ጥግ ለጥግ አውቶቡሱን ሊያቆዩ ሄዱ። ጥቂት ቆይቶ ጥሩንባው ዝም አለ።